ማህተሙ ቀይ የሆነበት ቅዳሜ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው ዱሬሳ እዚህ ግቢ በመጣ ዕለት ከጋሪ ሲወርድ ሄልሜት አድርጎ ነበር። እኔ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። «ሞተርህስ?» አልኩት። በአክብሮት «አዴ፣ ጭንቅላቴ ቀድሞ መጥቷል፤ ሞተሩ ይከተላል» አለኝ። እብድ መካኒክ ላኩብን አልኩ በሆዴ።

እውነትም በሦስተኛው ዓመት ተከተለው። የፕሮጀክት ፈረንጆች ሲሄዱ ያቺን ቀጭን ሞተር ትተውልን ሄዱ። ቁመቷ የገጠር፣ ጎማዋ የአስፋልት። የግብርና ባለሙያዎቻችን ወደ ኦጎልቾ በሚወስደው የገጠር መንገድ ላይ ተራ በተራ ጭቃ ውስጥ ተንከባለሉና «ይቺ ለገበሬ አትሆንም» ብለው ጋራዥ ጣሏት። «ሱፐርሞቶ ትባላለች» ያለን ዱሬሳ ነው። ሰው የተፋትን እሱ አገባት። ሚስቱ አጸደ እዚህ ተቀምጣለች፤ ትመስክር።

ከዚያ በኋላ ማን ከእሱ ወሬ ያመልጣል? የሠራት ፋብሪካ ከትንሽ ከተማ ተነስቶ ትልልቆቹን በውድድር እንዴት እንዳሳፈረ፣ ተወዳዳሪዎቹ ግማሹን በአስፋልት ግማሹን በአፈር እየነዱ ኩርባ ላይ እግራቸውን ዘርግተው እንዴት እንደሚንሸራተቱ። ኦዲተር የጋራዡን ዕቃ ሊቆጥር ቢመጣ ፋብሪካው ያሸነፈባቸውን ዓመታት ቆጥሮለት ሸኘው። የያኔው ሥራ አስኪያጅ አቶ ይበልጣል፣ «አንድ ሲሊንደር ብቻ ያላት ነገር ይህን ያህል ምን ታስወራለች?» ቢሉት፣ «እርስዎስ ስንት ልብ አለዎት?» አላቸው።

ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ የኔን ልናገር።

አሥራ አራት ዓመት ሆነው። አዳማ የሞተር ውድድር ተዘጋጀ። ዱሬሳ ሁለት ወር ተለማመደ። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሯን እየገፋ መጣና መውጫ ወረቀት ሰጠኝ። የመሥሪያ ቤታችን ማህተም ሰማያዊ ነው። ቀለሙ አልቆባቸው ኖሮ የዚያን ዕለቱን በቀይ መትተውታል።

«አይወጣም» አልኩት።

«አዴ ወለቴ፣ አንብቢው እንጂ።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን። አይወጣም።»

አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም ነበር። ዘጠኝ ዓመት በር ስጠብቅ የማውቀው የማህተም ቀለም ብቻ ነበር። ማንም «ትችያለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ ዘበኛን ማን ይጠይቃል? ሰው ሲያፍር ክፉ ይሆናል። እኔም ሆንኩ።

ደወለ፤ አለቆቹ ስልክ አላነሱም። ውድድሩ የሚጀመርበት ሰዓት እስኪያልፍ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን አግዳሚዬ ላይ አስቀምጦ ሞተሯን ወደ ጋራዥ መለሳት። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው «እንዴት አደርሽ?» አለኝ። ያ ውድድር ዳግም አልተዘጋጀም። እናንተም «በተንኮል ነው ያስቀረችው» ብላችሁ አማችሁኝ። ዝም አልኩ። መሃይም ከምባል ክፉ ብባል ይሻለኛል ብዬ ነው።

በአርባ ስምንት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ፊደል ስለይ መጀመሪያ ያነበብኩት ያንን ወረቀት ነው፤ ደብቄ አኑሬው ነበር። ይኸው በእጄ ነው። «ባልደረባችን መሥሪያ ቤታችንን ወክለው ስለሚወዳደሩ በበር ጥበቃ በኩል አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው» ይላል። ትብብር ነበር የተጠየቅሁት። ይህንን አንብቤም አሥር ዓመት ዝም አልኩ። ያኛው ባለማወቅ ነበር፤ ይኼኛው ግን እያወቅኩ ነው።

ዱሬሳ፣ አንድም ቀን ፊት ስላልነሳኸኝ አመሰግንሃለሁ። ውድድሩን ባስቀረሁብህ ዓመት ክረምት የዘበኛ ቤቴ ጣሪያ ሲያፈስ ሳልለምንህ ወጥተህ ቆርቆሮ መታህልኝ። ከታች ሆኜ መሰላሉን ይዤ ነበር፤ ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። አልነገርኩህም።

ቅድም ሞተሯን በስጦታ ሲሰጡህ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። በስድሳ ዓመት፣ ጉልበት ከታመመ በኋላ፣ ኩርባ ላይ እግር ለመዘርጋት? ይህችን ቀን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ይቅር ብትለኝም ባትለኝም እውነቱን ይዘህ ሂድ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ለዱሬሳ ጤና፤ ለአጸደ ወሬውን የምትችልበት ጆሮ። አሁን የምትሄድበት የኢተያ መንገድ ይቅናህ፤ ጉልበትህን ይማርልህ። ሞተሯን ይዘህ ስትወጣ ወረቀት እንዳታመጣልኝ። ወደዚህ የመጣሁት በሩን ከፍቼ ነው።