እንገሩ የማን ነው?

ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ አዲሱ ገበያ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ባዶ የአጥሚት ፔርሙዝ ያቀፉ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠች ለማያውቋት ወጣት ሲያወሩ ሰማሁ።

«ልጄ ያለ ቀኗ ወለደች። ሕፃኑ ጡት መሳብ አቃተው።»

«ውይ፣ እማማ! ታዲያስ?»

«እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ ብዬ፣ እንገሩ ቢጫ ነው፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ አልቢና ድፊው አልኳት።»

«እናቴም እንዲያ ነው የምትለው።»

«ጡት ማጥባት የምታለማምደው ሲስተር ደረሰችብን። ትቆጣኛለች ስል፣ ‹እማማ፣ ላም አርብተው ያውቃሉ?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«እንጦጦ ሥር ተወልጄ እንዴት አላውቅ! ‹የላሟን እንገር መጀመሪያ ለማን ይሰጣሉ?› አለች። ‹ለጥጃዋ ነዋ! ያለሱ መች ይቆማል?› አልኩና በገዛ ቃሌ ተያዝኩ።»

«ጥጃው በለጠው በሉኛ!»

«ሳቂ፣ ይገባኛል። ሲስተር ጠብታ ጠብታውን በማንኪያ እየተቀበለች ስታጠጣው ሰነበተች። ዛሬ ጠዋት እናቱ ደረት ላይ አስተኛችውና፣ ‹ዝም ብላችሁ እዩት፣ ራሱ ይፈልገዋል› አለችን።»

«አገኘው?»

«ያቺን ቀጭን አንገቱን እያንቀጠቀጠ ሄዶ ያዘው። ሲውጥ ይሰማል፣ ልጄ!»

«እልል አላሉም?»

«ልል ነበር። እንዳይደነግጥብኝ ፈርቼ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።»

መውረጃዬ መድረሱን እያየሁ «ወራጅ» ሳልል፣ ባርኔጣዬን በአክብሮት አውልቄ ጉልበቴ ላይ አኖርሁት።