ለዱዓ የጠፋ ስም

በእኛ ጊዜ፣ ሐያት ልጄ፣ ከቡታጅራ ወጥቶ አዲስ አበባ ትልቅ ድርጅት የገባ ሰው እንደ ሙሽራ ነበር የሚታየው። አንቺን ዛሬ ትልቁ ድርጅት ጠርቶሽ፣ እዚህ ካለው ከትንሹ በርበሬ ማሸጊያ ጋር እያማረጥሽ ፊትሽን አጨፍግገሻል። እኔን አያትሽን ጥለሽ መሄድ ከብዶሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን አዲስ አበባ ሳሙና ፋብሪካ የተቀጠርኩ ዕለት ቱታዬን ለብሼ ነው የተኛሁት፣ ወላሂ!

ታዲያ ፋብሪካው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ደመወዝ ቀኑን አይስትም፣ ክሊኒክ አለ፣ ጡረታ አለ፣ ደወሉ ሲጮኽ ትወጫለሽ፣ ማንም ወዴት አይልሽም። ግን ደግሞ ፊትሽ ቢጠቁርም ማንም ምን ሆንሽ አይልሽም፣ እና ያ ነው ነገሩ።

ታዲያ አንድ ቀን ከአገር ቤት፣ ከመስቃን፣ መልእክት መጣ፣ እናትህ ታማለች ቶሎ ድረስ የሚል። ፈቃድ ልጠይቅ የአስተዳደር ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። መቼም እኛ አገር ጉዳይሽን ከሰላምታ አታስቀድሚም፣ ነውር ነው! እና ጀመርኩ፣ "እንዴት አደሩ ጌታዬ? ደህና ነዎት? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ከብቱስ? አዝመራውስ?" ሰውዬው ስልክ አነሳ፣ ሲያወራ ሲያወራ ቆየና በእጁ እንዲህ እንዲህ አደረገኝ፣ "ደህና ነን፣ ደህና ነን፣ በል ወደ ሥራህ!" ወጣሁ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ወጣሁ! ትስቂያለሽ? እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ተመለስኩና ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ "እናቴ ታማብኛለች!" አልኩ፣ ያለ ሰላምታ። ሰውዬው ደነገጠ፣ "ትናንት ለምን አልነገርከኝም?" አለ። "አልደረስኩበትም ነበር ጌታዬ።" ክፉ ሰው አልነበረም፣ እዚያው ፈረመልኝ።

ታዲያ ደረስኩላት፣ አልሐምዱሊላህ። እጄን ይዛ፣ "ማን ፈቅዶልህ መጣህ?" አለችኝ። "አለቃዬ" አልኳት። "ስሙን ንገረኝ፣ ዱዓ ላድርግለት።" ሐያት፣ ስሙን አላውቀውም! ኃላፊው ነው የምንለው፣ ሁሉም ኃላፊው ነው የሚለው። አየችኝና፣ "እሱስ ያንተን ስም ያውቃል?" አለችኝ።

እና አልተመለስኩም። እዚሁ ቡታጅራ የሐጂ ሙደሲር በርበሬ ወፍጮ ገባሁ፣ ሠራተኛው እኔና ሁለት ሴቶች ብቻ። ትንሽ ቤት ቀላል እንዳይመስልሽ! ጡረታ የለ፣ ክሊኒክ የለ፣ ስናስነጥስ ነው የምንውለው። እቤቴ ገብቼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ሐጂ በር ላይ ቆመው፣ "አንተ ሸምሱ፣ የሞተሩ ድምፅ ተለውጧል፣ ና!" ይላሉ። እምቢ አይባል፣ ዘመድ ሆነዋላ! ከሚስቴ ስጣላ ደግሞ ጠዋት ገና ስገባ፣ "ምን አድርገሃት ነው?" ይሉኛል። ማን እንደሚነግራቸው አላህ ይወቀው! ግን እናቴ ሲብስባት ወፍጮውን ዘግተው በመኪናቸው ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው፣ ሴቶቹም እየተፈራረቁ አስታመሙልኝ። የሁላቸውንም ስም እየጠራች ዱዓ ስታደርግላቸው ነው የሞተችው። እኔ ለዚያ ስል ሌላውን ሁሉ ትቼላቸዋለሁ፣ ዛሬም ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

ታዲያ አንቺ ግን ሂጂ። ትልቁ ቦታ ሂጂ ልጄ፣ ጡረታ ጥሩ ነው። እኔን እይኝ እንጂ፣ መድኃኒቴን እንኳ የምትገዛልኝ እናትሽ ናት። ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ፣ እሺ?

"አባባ፣" አለች ሐያት፣ "ያኔ እናትዎ ምን አሉዎት?"

"እሷማ ሂድ ነው ያለችኝ። በየቀኑ፣ 'ተነስ፣ ለእኔ ብለህ ሥራህን እንዳታጣ!' እያለች።"

"እና እርስዎ?"

"እኔማ..." አሉ አባባ ሸምሱ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ዓይናቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "ኧረ ተይኝ፣ አንቺ ልጅ!"