ከጉብኝቱ በፊት ያለቀው ዘገባ

የፎቶ ኮፒ ማሽኔ ገና ሳይሞቅ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ገቡ። አንደኛው በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ አዛውንት መምህር ናቸው። ሁለተኛው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ዛሬ በውሃ ማጣሪያ ጣቢያው የፓምፕ መካኒክ ሆኗል። የመታወቂያውን ቅጂ ሊያሠራ ነበር የመጣው።

መምህሩ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ክፍል ጣቢያውን ይጎበኛል። ስልሳ አድርግልኝ።"

ወረቀቱን አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ የማባዛው እኔ ነኝ። "በውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ያደረግነው ጉብኝት ዘገባ" ይላል። ልጆቹ ሳይሄዱ ይሸመድዱታል፣ ሲመለሱ ይገለብጡታል።

መካኒኩ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ከቦርሳው ደብተር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

"መምህር፣ ከዚህ ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር። ለእህቴ ለምን ዜሮ ሰጧት?"

"እንደምን አደሩ አይባልም እንዴ ልጄ?"

"እንደምን አደሩ። ለምን ዜሮ?"

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። "መልሱ 'ትልቁ ፓምፕ እያጓራ ውሃውን ወደ ላይ ሲገፋ ተመለከትን' ነው። እሷ 'ፓምፑ ቆሞ ነበር፤ ወንድሜ የፓምፑን ሆድ ከፍቶ ተበልቶ ያለቀ የብረት ቀለበት አወጣ' አለች። አስቀድሜ አዘጋጅቻት ሳለ ያልነገርኳትን ጻፈች።"

"ያየችውን ነዋ የጻፈችው! ፓምፑ ያን ቀን ተበላሽቶ ነበር። እስከ ክንዴ ግራሶ ተለውሼ ፊቷ የቆምኩት እኔ ነኝ! ሃምሳ ዘጠኙ ልጆች የቆመ ፓምፕ ሲያጓራ ሰምተው አስር አስር አገኙ። አንዷ እውነቱን ብትጽፍ ዜሮ! ምን እያስተማሯቸው ነው? ውሸት?"

"ድምፅህን ዝቅ አድርግ። አንተንም ያስተማርኩህ በዚሁ ወረቀት ነው፤ ይኸው ሰው ሆነሃል።"

"ከአስር አስር አግኝቼበታለሁ። ስቀጠር ግን ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። አለቃዬ በሳቅ ፈረሰ!"

"ታዲያ ስልሳ ልጅ ሳላዘጋጅ ልልቀቅብህ?"

"መልስ ማደል ማዘጋጀት አይደለም፣ መምህር። ጥያቄ ያስይዟቸው። የቤታቸው ቧንቧ ለምን እንደሚደርቅ፣ ውሃው አንዳንዴ ለምን ነጭ ሆኖ እንደሚወርድ፣ እነሱው ይጠይቁ። ጥያቄያቸውን ቀደም ብለው ይላኩልን፤ እኛም ምን እንደማይነካ እንነግርዎታለን። ስልሳውን ባንዴ አያምጡብን፤ ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። ከሁሉ በፊት ግን እርስዎ ራስዎ መጥተው ይዩት።"

"አስራ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ!"

"እስከ ጥበቃው አግዳሚ ወንበር!"

መካኒኩ ድፍረቱን አበዛው ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ግን ድምፁ ተሰበረ።

"እህቴ ከሥራ ስገባ በጥያቄ ጫማዬን የማታስወልቀኝ ልጅ ነበረች። አሁን ምን እንደምትለኝ ያውቃሉ? 'የምጽፈውን አስቀድመህ ንገረኝ።' ይህን ነው የተማረችው።"

መምህሩ ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ረጅም ጊዜ አነበቡ። እኔ በበኩሌ ማሽኔን ማየት አፈርኩ። የልጆችን ዓይን የሚጋርድ ወረቀት አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያተምኩት እኔ አይደለሁም?

"ጉልበቴን ያመኛል" አሉ በመጨረሻ። "ደረጃው ብዙ ነው ሲሉኝ ልጆቹን በር ላይ ቆጥሬ አስገባለሁ፣ ሲወጡ ቆጥሬ እረከባለሁ። እውነትህን ነው። ያን ፓምፕ አይቼው አላውቅም።"

ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ዜሮውን ሰረዙ፤ አስር ጻፉበት። ወደ እኔም ዞሩ። "ያን ወረቀት ተወው። ስልሳ ባዶ ወረቀት ስጠኝ።"

በማግስቱ መምህሩ በመካኒኩ ክንድ ተደግፈው የጣቢያውን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ። በሳምንቱ ልጆቹም በሦስት ቡድን፣ የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ገቡ። የተገፋፋ የለም፤ እያንዳንዱ የሚፈልገው ነገር ነበረውና። አንዷማ መካኒኩም ያልመለሰውን ጥያቄ ጠይቃ አለቃውን አስጠራች። ስልሳ ዘገባ፣ ስልሳ ዓይነት ሆኖ መጣ። መምህሩ ለማረም ሦስት ቀን እንደፈጀባቸው እየሳቁ አማረሩልኝ።

የመካኒኩ እህት ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጥታ ነበር። ያባዛሁላትን ተቀብላ አልሄደችም፤ ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ ማሽኑን ታያለች።

"ጋሼ፣ ሆዱ ውስጥ ምን አለ?"

ደንበኞች ተሰልፈው ነበር። ማሽኑን አጠፋሁና ከፈትኩላት።