ማልያውን የተቀማው አጥቂ

በደርግ ጊዜ ነው። ከኮልፌ ወደ አየር ጤና በውይይት ታክሲ ስንሄድ፣ አንድ የቀበሌ ኳስ ቡድን አሰልጣኝ አጠገቡ ለተቀመጡ እናት ያማርራል።

«አጥቂዬ አስቸገረኝ እማማ። በአዘቦት ልምምድ እግሩን ይጎትታል፤ ቅዳሜና እሑድ ግጥሚያ ላይ ግን ይበራል።»

«እና ምን አደረግከው?»

«ለጭብጨባ ነው የምትሮጠው ብዬ ትናንት ማልያውን ቀማሁት።»

«ልምምዱ በስንት ሰዓት ነው?»

«በስምንት።»

«ልጁ ይጾማል?»

«ዲያቆን ነው።»

«ታዲያ በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም እኮ። ጠዋት የሚበላው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።»

«ምነው ሳይነግረኝ?»

«ጾም ላይ ነኝ ብሎ ያውጅልህ? አሰልጣኙ አንተ፣ ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ።»

«ወራጅ አለ።»

«አየር ጤና አልደረስንም እኮ።»

«ማልያውን ልመልስለት ነው፣ እማማ። ልምምዱም ወደ አስር ሰዓት ይዛወራል።»

እኔም ሰነፍ እያልኩ ያሳደግሁትን ልጄን ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩት።