በቁም ሳሉ የሚጻፍ ስም

በአውቶቡስ ድርጅት መዝገብ ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮዬ ስወጣ፣ የወንበር ልብስ የሚሰፉትን እትዬን ደረጃው አጋማሽ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ አገኘኋቸው። ወንድማቸው፣ የፍሬን መካኒካችን፣ ከሞተ ሁለት ወሩ ነበር።

«ደግ ጊዜ መጣህልኝ ልጄ» አሉና የታጠፈ ወረቀት ዘረጉልኝ። «ይህን አስገባልኝ። የወንድሜ የጡረታ ቁጠባ ለዚያች ልጅ እንዳይሰጥ ተቃውሜያለሁ።»

«ያቺ ልጅ» የሚሏት የሟቹን የእንጀራ ልጅ ነው። እናቷ ቀድማ ሞታለች። ቢሮ ገብተን ወንበር ሰጠኋቸው።

«እትዬ፣ ተጠቃሚ አድርጎ ያስመዘገበው እኮ እሷን ነው። ይህ ገንዘብ እንደ ቤትና እንደ ዕቃ ለዘመድ አይከፋፈልም፤ ስሙ ለተጻፈው ሰው በቀጥታ ይደርሳል። በአንድ ጊዜ ልቀበል ወይስ በየወሩ ብሎ መምረጥም የእሷ መብት ነው። የሥጋ ዘመድ የሚፈለገው ማንም ካልተጻፈ ነው።»

«በሁለት ዓመቱ እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እዚህ ያስቀጠርኩትም እኔ። ስድስት ዓመት አባባ ስላለችው በለጠችኝ? በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ እሷን አቅፎ ሲያጽናና እኔን እንደ ጎረቤት አለፈኝ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እትዬ አልቸገራቸውም፤ ቀንተዋል። ችግር ቢያበሉት ይጠግባል፤ ቅናት ግን ከሌላው አፍ ካልተነጠቀለት አይጠግብም።

«መቃወም ይችላሉ» አልኳቸው። «ግን ክፍያው ይታገዳል፣ ልጅቱ ትምህርቷን ታቋርጣለች፣ እርስዎም ጠበቃ ቤት ሲመላለሱ ይከርሙና መጨረሻ ላይ ይሸነፋሉ።»

«እኔ ካልበላሁ እሷም ትጹም። ደግሞ የእጁን ጽሑፍ ሳላይ አላምንም።»

ያለ ተጠቃሚዋ ፈቃድ ቅጹን ማሳየት አልችልም። ልጅቱ ግን ለራሷ ጉዳይ መጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበርና ወጥቼ ጠየቅኳት። «ይዩት፤ እኔ የምደብቀው የለኝም» አለችኝ።

ወንድማቸው የሞላቸውን ሁለት ቅጾች አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የኖረው የራሳቸው ስም ነው። የልጅቱ ስም ያለበት ሁለተኛው የተፈረመው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ቀኑ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«የተጣላን ሰሞን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሚስቱን አልወደድኳትም ነበር። ‹ያንተ ምን ያደርግልኛል፣ የራሴ ጡረታ አለኝ፤ ለሚስትህ ልጅ ስጥ› አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ… ለካ ታዞኝ ኖሯል።»

«በእርስዎ ቅጽ ላይስ ማን አለ?» አልኳቸው።

«ማን ይኖራል፣ እሱ ነዋ።»

«እንግዲያው መለወጥ አለበት።»

«ተወኝ ልጄ። በቁም መናዘዝ ሟርት ነው፤ ሞትን ግባ እንደ ማለት።»

«ሟርት ቢሆን ወንድምዎ የእርስዎን ስም ጽፎ ዐሥራ ስምንት ዓመት ባልኖረ። ሞት ቅጽ አይቶ አይመጣም። ካልጻፉ ግን የአጎትዎ ልጆች ‹ዘመድ ነን› ብለው ይህችን ደረጃ ይወጧታል።»

«እነሱ? ለቀብሬ የታክሲ ሒሳብ የማይከፍሉት?» አሉና ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ማመልከቻቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ቅጹን አምጣ። ለልጅቱ ግን አልጽፍም። ቅናቴ ገና አልወጣልኝም፤ አልዋሽህም።» ሃያ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጣ ጨርቅ የምትቆርጥላቸውን ባልደረባቸውን ጻፉ።

ስንወጣ ልጅቱ ከግድግዳው ፈቀቅ አለች። እትዬ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«በአንድ ጊዜ ውሰጂ ብለው ቢያጣድፉሽ እሺ እንዳትዪ» አሏት። «በየወሩም መቀበል መብትሽ ነው። አንብበሽ ፈርሚ፤ ኮፒውን ሳትቀበዪም እንዳትሄጂ።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

«እሱን አመስግኚ» አሉና ደረጃውን ወረዱ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው፦ ተጠቃሚውን በቁሙ የጻፈ፣ ኑሮው ሲለወጥ ያስተካከለ፣ ለቤተሰቡም የነገረ ሰው፣ ሞቶም ቃሉ ይከበርለታል፤ የቀሩትም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት አይንከራተቱም። የስፌት ክፍሉ ሴቶች ግን የእኔን ምክር አልጠበቁም። በዚያው ሳምንት አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር። የመጀመሪያዋ ገና ሳትቀመጥ፣ «ቅጽ ስጠኝ» አለችኝ፤ «እትዬ ይህን ሳልጨርስ ምሳ አብራኝ እንደማትበላ ነግራኛለች።»