አራት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ

የሂሳብ መምህር ነኝ፤ የቦንጋን የሞተር ታክሲ ዋጋ ለተማሪዎቼ በቀመር ያስተማርኩት እኔው ነኝ። መነሻው ሃምሳ ብር፣ ከዚያ በየኪሎ ሜትሩ ሃያ። ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ማንኪራ መንደር ካለው የእናቷ ቤት ደውላ «ምጥ ጀምሮኛል» አለችኝ። ሞተር ላይ ተፈናጥጬ «አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሁለት መቶ ዘጠና ብር» እያልኩ ልቤን ላረጋጋ ስሞክር፣ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ።

«እጥፍ እከፍልሃለሁ፣ ንዳው!» አልኩት ባለሞተሩን።

«ቲቸር፣ ከዚህ በላይ በብር አይኬድም፤ በእግር ነው» አለኝ።

ጫማዬን አንጠልጥዬ ስሮጥ ስልኬ ጮኸ። «የት ደረስክ?» አለችኝ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። ገና አራት ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። ለግማሽ ነጥብ ከተማሪ ጋር የምጨቃጨቀው ሰውዬ «ደርሻለሁ፣ በሩ ላይ ነኝ» አልኳት።