ንብ እንዳይበርደው

እንዴት ሰነበትሽ፣ የትናየት? ግቢ እንጂ፣ ከደጅ አትቁሚ። ይህ ነፋስ ዛሬም አልለቀቀን። ንፋስ መውጫ ከተማ ለሚኖር ሰው ግን ነፋስ ምኑ ይደንቃል? እናንተማ ከነስሙ ለምዳችሁታል። መኪናው ሞልቶ ነበር? ወንበር አገኘሽ ወይስ እንደ ገብስ ኬሻ ደርድረው አመጡሽ? ውይ፣ አቧራው ሽፋሽፍትሽ ላይ ተኝቷል… በሞቴ ትንሽ አረፍ በይ። የእናትሽ ቤት እንደሁ አጥር መሻገር ነው፣ የትም አይሄድብሽ… ቤቱን ማለቴ ነው።

ሰው ደውሎልሽ ነው የመጣሽ? ማን ይሆን እሱ? እኔ እንደሁ ቁጥር ለይቼ አላውቅ። የባሌ የይታየው ስልክ እዚያ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ባለቤቱም ሲጮኽ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ብቻ እንኳን መጣሽ። እኔ ይችን ባቄላ እየለቀምሁ ላጫውትሽ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ አፌ መንገድ ይስታል።

ወንድምሽ ደኅና ነው። እሱን አንሥቼም አላነሣ። እኅት ፊት ወንድም ይታማል እንዴ? ነውር ነው። እኔ የማወራልሽ ስለ ሌላ ሰው ነው። እዚሁ አካባቢ ንብ የሚያረባ አንድ ሰው አለ… ስሙን አትጠይቂኝ። ከአጥራችሁ ወዲህ ነው ወዲያ ነው እያልሽም አታድርቂኝ። የንስሐ አባቴ ሰው እንዳላማ አጥብቀው ከልክለውኛል፤ ማመስገን ግን አልከለከሉኝም። ስለዚህ ላመስግን። እንዲህ ያለ ጎበዝ ጋይንትም አላበቀለ፣ ስማዳም አላበቀለ። ወደ እስቴ በኩል ካለም እንጃ፣ እኔ አልሰማሁም።

አምና በግንቦት ያ ዐውሎ ከገደሉ በኩል ወጥቶ፣ ቀፎዎቹን ከነማቆሚያቸው ገለበጠበት። ንቡ ተበትኖ፣ ማሩ ከአፈር ተለውሶ… ሰውየው አለቀሰ። በዓይኔ ያየሁትን ነው። አባቱ ሲቀበሩ እንኳ እንደዚያ አላነባም። ኧረ አዘንሁለት! ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይላሉ፤ ማሩ ከፈሰሰ ሰው ምን ይናገራል? ያለቅሳል እንጂ።

ዘንድሮ ግን ተማረ። የግብርናው ባለሙያ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስቦን፣ «ቀፎ ከነፋስ ይከለል፤ ማቆሚያው አጭር ይሁን፤ መክደኛው ላይ ድንጋይ ይጫን፤ በገመድ ከችካል ይታሰር፤ አፉም ለነፋሱ ጀርባውን ይስጥ» ሲል ሁላችንም ሰምተናል። እኛ ሰማንና ሄድን። እሱ ሰማና ሠራ። ማቆሚያውን አሳጠረ፣ ድንጋይ ጫነ፣ በጠፍር ጠፈረ። ዳስም ሠራላቸው። በዚያ ይረካል ብለሽ ነው? አንድ ቀን ሳየው፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ግቢውን እየዞረ ነፋስ ይለካል። ነፋስ የማይደርስበት ጥግ የቱ ነው? ዞሮ ዞሮ አንዲት ጎጆ አገኘ።

ጥሩ ጎጆ ናት መቼም። ከትልቁ ቤት ጀርባ ተከልላ፣ ግድግዳዋ ወፍራም ምርግ፣ ክዳኗ ጥቅጥቅ ያለ፤ ነፋስ ደርሶባት አያውቅም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት… ሰው ነበረባት። አንዲት እናት።

ታዲያ ምን ቸገረ? ቤት ለእንግዳ ሲባል አልሰማሽም? ንቡ እንግዳ ነው። እናት ግን እንግዳ ናት እንዴ? የቤት ሰው ናት፤ የቤት ሰው ለእንግዳ ይለቃል። ግድግዳውን በሳ በሳ አድርጎ ለንቡ መውጫ አበጀለት፤ ቀፎዎቹን መደቡ ላይ ደረደራቸው… እኒያ እናት ይተኙበት የነበረው መደብ ላይ። እሳቸውንስ? ሜዳ ላይ ጣላቸው እንዳትይኝ፣ እሱስ ሐሜት ነው። ንቡ የለቀቀው ዳስ ውስጥ አስገባቸው። ፍርድ አያጓድልም ሰውየው፣ ቤት በቤት ለወጠ። ዳሱ በሦስት ወገን በጭራሮ ተጋርዷል። በአራተኛው፣ ከገደሉ በኩል፣ ክፍት ነው። አየር ይገባዋል። ለአሮጊት አየር ጥሩ ነው አይደል? እናንተ ከተሜዎች ሐኪም እንዲህ አለ ስትሉ እሰማ የለ።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ስቄ አላባራም ነበር። አሁን ግን አልስቅም። ብርድን የሚያህል ትምህርት ለእናቱ የሚያስተምር ልጅ አይቼ…

ይታየው መቼም አፉ አያርፍ፣ «አንተ፣ ምነው እኒህን ሴትዮ?» አለው። ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ንብ ከከፋው ይሰደዳል። እናቴ የት ትሄዳለች?» አለው። አየሽልኝ የዕውቀቱን ጥልቀት? ንብ አያያዝ የገባው ሰው እንዲህ ነው። ንብ ብርድ ካገኘው፣ ጉንዳን ከነካው፣ ጠረኑ ካላማረው፣ ክንፍ አለውና ብድግ ይላል፤ ስለዚህ ይለመናል፣ ይባበላል፣ በር ይዘጋለታል። ክንፍ የሌለው ምን ብሎ ይባበላል?

እሳቸው ደግሞ ይብሳሉ። ሄጄ ባይ፣ ከጭራሮው ሥር ኩርምት ብለዋል። «ምነው እሜቴ፣ እኛ ቤት ይምጡ እንጂ» ብላቸው፣ «ይች ነፋስ እስክታልፍ ነው። እኔ እንደሁ አልበር! ሰው ቤት ከገባሁ ልጄን ምን ይሉታል?» አሉኝ። የልጄን ስም በክፉ እንዳታነሺ ብለው አስማሉኝ። እኔም ምያለሁ። ይኸው፣ አነሣሁ? አላነሣሁም። መሐላ አላፈርስም።

ብርድ ልብሱን ነግሬሻለሁ? ቀይ ነው፣ አንበሳ ያለበት። ለፋሲካ ከከተማ የተላከ ነው አሉ። ማን እንደ ላከው አላውቅም፤ የላከችው ልጅ እጇ ይባረክ፣ ሲያዩት እንኳ ይሞቃል። ንቡን አሞቀው። ትልቁ ቀፎ ላይ ተጠምጥሞ አየሁት፤ አንበሳው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቃል። አያምርም ካልሁሽ እዋሻለሁ… ምነው ፊትሽ ልውጥ አለ? አቧራው ነው? ውኃ ላምጣልሽ?

እሺ፣ ልጨርስልሽ። ከትናንት ወዲያ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከገደሉ በኩል እንደ ከሰል ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ በረዶው ተከተለ። የእኛን የጭድ ክምር ከእነ ድንጋዩ ነው ያነሣው። ሰውየው ከማሳ እየሮጠ መጣ። ሩጫውን ብታይ! እንዲያ የሚሮጥ ሰው፣ እናት አለችው ትያለሽ። በዳሱ በኩል ነው ያለፈው። ጨክኖ ዝም ብሎ አለፈ እንዳትይ። «እናቴ፣ ምሰሶውን ያዢ!» ብሎ ጮኸ። ምክር አልነፈገም። ከዚያ ወደ ጎጆይቱ ገባ፣ በሩን ከውስጥ በጀርባው ደገፈ፣ ነፋሱ እስኪያልፍም ንቅንቅ አላለ። አንዲት ንብ አልሞተችበትም። አንዲት! የግብርናው ባለሙያ ይህን ቢሰማ በየቀበሌው እያዞረ ያሳየው ነበር።

ይታየውና እኔ በረዶው ረገብ ሲል ደረስን። የዳሱ ክዳን አጥሩ ላይ ነው። እኒያ እናት ምሰሶውን እንዳቀፉ ናቸው… እንደ ተባሉት። ከሰውነታቸው ውኃ ይወርዳል። ጣታቸውን አንድ በአንድ እያላቀቅሁ ነው ከምሰሶው ያስለቀቅኋቸው። መጀመሪያ ምን አሉኝ መሰለሽ? «ንቡ ተረፈ?»

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይሉ ነበር የፊተኞቹ። ነፋስ ለወላጂቱ የሚለውን የጨመረው ይህ ሰው ነው፤ ይመስገን።

እሱማ ማታውኑ መጥቶ ዳሱ ላይ ሸራ አልብሶላቸዋል። አሮጌ ሸራ፣ አዲሱ ለቀፎው ነው። ወደ ጎጆሽ ተመለሺ ለምን አላለም አትበይኝ። እንዲህ ባለ ጊዜ ንብ ይነካል እንዴ? ደንግጦ ቢሰደድስ?

ምን ሰማሽ? … ይህ ሳል? ኧረ እሱ ጥጃ ይሆናል። ከበረዶው ወዲህ ከአጥሩ ማዶ የሚያስለው ጥጃ አለ፤ ቀንም ሌትም ያስለዋል። ብቻ ጥጃ ሲያስለው «ማርያም፣ ማርያም» ይላል እንዴ? እንጃ፣ እኔ ያልተማርሁ ሴት ነኝ።

ተነሣሽ? ተይ እንጂ፣ ምሳ ሳትቀምሽ? … እሺ፣ አልይዝሽም። በጎጆይቱ በኩል አትሂጂ፣ ንቡ ድንገተኛ ሰው አይወድም። በዳሱ በኩል ሂጂ፤ በር የለውም፣ ማንኳኳት አያሻሽም። ይታየውም በቅሎዋን ከጠዋት ጀምሮ ጭኖ አቁሟታል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ ባል ነው፣ የፈለገውን ይጫን። እርጋታ አላት፣ መኪናው መንገድ ድረስ ለሚወርድ አሮጊት ትመቻለች። እንቢ ካሉሽ፣ ሐኪም ቤት ደርሰው ሲመለሱ ጎጆዋቸው ይጠብቃቸዋል በያቸው። ውሸት ነው፣ ግን ለዛሬ ይሁን። «ልጄን ምን ይሉታል» ካሉሽም፣ ጎረቤትዎ አልጣሽ ምንም አላለችም በያቸው። ምን ብያለሁ?

ያን ስሙን ያልነገርሁሽን ሰው በመንገድሽ ካገኘሽው ደግሞ እንዳትቆጪው። ቁጣ ለንብም አይበጅም። የእኔን ምርቃት ብቻ አድርሺልኝ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ንቡ ይርባለት፣ ማሩ ከጋን ከገንቦ ይትረፍለት። ሸምግሎ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ዓይኑ ሲፈዝበት፣ ልጆቹ አይራቁት፤ ሁሉም እዚያው ግቢው ውስጥ ይኑሩለት። እሱ የወለደችውን እንደ ጦረ፣ እንዲያው አድርገው፣ አንዲት ሳያጓድሉ ይጡሩት። አሜን በይ እንጂ፣ የትናየት… ምርቃት እኮ ነው።